በርበሬው ውስጥ የገባንበት ቀን

እኔ ግትር ሴት ነኝ። እናቴ ትመስክር፤ አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይመስክሩ። ግን ግትር መሆን በነበረብኝ በዚያ በአንዱ ቀን እሳት ዳር እንደተቀመጠ ቅቤ ነው የሆንኩት። የማወራው ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስለመጣው ወር ተኩል ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ ከቡታጅራ በጋሪ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የመስቃን ቀበሌ ውስጥ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። አባቴ ከጎንደር በመምህርነት መጥቶ ቡታጅራ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ ነኝ። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ስሄድ ገበሬ ላስተምር የምሄድ መስሎኝ ነበር። አይ እኔ!

እዚያ ቀበሌ ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ነበረች። እኔ "እትዬ" ነው የምላት፤ እሷ ደግሞ ደስ ሲላት "ልጄ"፣ ሲከፋት "አንቺ" ትለኛለች። ሴቶች ልጆቿ ተድረው ሄደዋል። ከጓሮ እንሰቷ ሌላ ያላት መሬት ከቤቷ በታች ያለችው የበርበሬ ማሳ ብቻ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ማሳዋ ሁለት ክረምት ጦም አድራለች፤ በሐዘኑም በሕመሙም እጇ አልነሳ ብሎ። የባሏ ታናሽ ወንድም በዚያ ሁለት ዓመት ከብቶቹን እየነዳ ሲያስግጥባት ከረመ፤ በኋላም "መሬቱ ጦም እያደረ ነው፣ ሴት በርበሬ አታቆምም፣ የወንድሜ መሬት ወደ ቤተሰቡ ይመለስ" ብሎ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አመለከተ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጠ። "ዘንድሮ በርበሬው ቆሞ ካየነው መሬቱ የእሷ ነው። ካልቆመ ለሚያለማው እንሰጣለን።" መስከረም መጨረሻ ላይ መጥተው ሊያዩ ተቀጣጠሩ። እንግዲህ ያቺ ሴት በዚያ ክረምት ያላት ነገር ሁሉ በበርበሬ እግር ላይ ቆሞ ነበር።

እንዴት እንደሠራችው አይቻለሁ። ከብት ሁለት ዓመት የረገጠው መሬት ማረሻ አይበግረውም። የአክስቷ ልጅ በሬ ጠምዶ ሦስት ጊዜ አርሶላት እንኳን ጓሉ እንደ ድንጋይ ነበር። ቁጭ ብላ በዶማ ጀርባ እየቀጠቀጠች፣ የከብት እበትና የቤት ጥራጊ እየቀላቀለች፣ ስንት ሳምንት እንደፈጀባት አልቆጠርኩም። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለ መደብ አወጣች። ችግኙን ሰኔ ላይ ስታዛውር በየአራቱ መደብ መሃል አንድ አንድ የእግር መሄጃ ፈር ተወች። ሰው በዚያ ብቻ ይሄዳል። በሌላው ፈር ማንም አይረግጥም፤ እሷም አትረግጥም። ዶሮ እንኳን ከገባ ድንጋይ ይዛ ትሮጣለች። መጀመሪያ ሳያት ሳቄ መጣ። "እትዬ፣ መስጊድ አደረግሽው እንዴ? ጫማ ሊወልቅ ነው?" አልኳት። "ጫማ ብቻ? እግርም ቢወልቅ ጥሩ ነበር" አለችኝ።

ሌላም ሕግ ነበራት። ለአረምም ይሁን ለኩትኳቶ ከመግባቷ በፊት ከመደቡ ጎን እፍኝ አፈር ታነሳና ትጨብጣለች። እጇን ስትከፍት አፈሩ ከፈረሰ ትገባለች። ከነጣቷ አሻራ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ዕለቱን አትገባም፤ አረሙ ቢያፈጥባትም አትገባም። ይህን እኔ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። እርጥብ አፈር ሲረገጥ በቅንጣቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ይደፈናል፤ አየር ይወጣል፤ ውሃም መስረጊያ ያጣል፤ ሥርም መግቢያ ያጣል። ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በእጇ ስታውቀው ያየሁት ግን ከእሷ ነው።

ሐምሌ ላይ ግምገማ ነበረን። በዚያ ዘመን የሠራ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። አለቃዬ ሃያ ሰው ፊት አስነስቶ "እስካሁን አንድም ሞዴል አርሶ አደር አላፈራሽም። በሚቀጥለው እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ የሥራ መልቀቂያሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ነው። በሳምንቱ ያው አለቃዬ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ የእትዬን ማሳ ከመንገድ አየው። በርበሬው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ አበባው ነጭ ነጭ ብሎ፣ እኩል ቆሟል። "ይኼማ ሞዴል ነው! እንግዶች እናመጣለን፤ ተሞክሮው ይሰፋል" አለ። ጮቤ ረገጥኩ። እሷም ደስ አላት። ኮሚቴውም ይሰማል ብላ አሰበች።

ቀኑ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተቆረጠ። በዋዜማው ዝናቡ ሲያወርደው አደረ። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ ወደ ማሳው ሮጥኩ። እትዬ ከእኔ በፊት ደርሳ ቆማለች። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። አፈሩ ድቡልቡል ሆኗል፤ አራቱ ጣቷ ታትሞበታል፤ በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ውሃ አወጣ።

"ዛሬ አይገባም" አለች። "ከነገ ወዲያ ይምጡ። አላህ ያሳያቸው፣ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ ይተኙበት። ዛሬ ግን አይግቡ።"

"አይገቡም። ከዳር ሆነው ነው የሚያዩት።"

"ማይልኝ።"

"እናቴ ትሙት!" አልኳት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። አስፋልቱ ዳር እንግዶቹን እየጠበቀ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና "በዝናብ ልማት ይቆማል እንዴ?" አለኝ። ከዳር ሆነው ቢያዩስ ስለው ሰዓቱን እያየ "እሺ፣ እሺ፣ ከዳር" አለ። እኔም ይህን "እሺ" ይዤ ልቤን አረጋጋሁ። ሰው ማመን የፈለገውን ሲያምን እንዴት ቀላል ነው!

መኪናዎቹ መጡ። ኋላቸው ከሌሎች ቀበሌዎች ገበሬዎችን የጫነ አንድ አይሱዙ ተከተለ። መፈክር ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ። ሁሉም ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ሳለ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ባለ ዝናብ ልብሱ ሰውዬ፣ "ከዳር ምን ይታያል? ውስጡን እንየው እንጂ!" አለ። ገበሬዎቹ ተያዩ። እርጥብ ማሳ እንደማይረገጥ እነሱ ያውቃሉ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረና "እስኪ ምሪያቸው" አለኝ።

እትዬ በማሳው ራስ ላይ ቆማለች። ሻሿን አጥብቃ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እኔን ታየኛለች። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ "አይቻልም" ማለት። ዓይኔን ከዓይኗ ነቀልኩና ገባሁ። በዚያ እርጥብ አፈር ላይ መጀመሪያ ያረፈው ቦቲ የእኔ ነው።

ከኋላዬ ሁሉም ገባ። የእግር መሄጃዋ ፈር አንድ ሰው በቅጡ አታሳልፍም፤ ስለዚህ ተበታተኑ። በፈሩም፣ በመደቡም፣ በበርበሬው እግር ሥርም ቆሙ። ጭቅ ጭቅ የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይሰማኛል። ፎቶ አንሺው የተሻለ ቦታ ፍለጋ መደብ ለመደብ ይመላለሳል። እኔ መጠቆሚያ ዱላ ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ተክል ርቀትና ስለ ተፈጥሮ ማዳበሪያ አብራራለሁ። አጨበጨቡልኝ። ሲወጡ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ይታይልሻል" አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

መኪናዎቹ ሲሄዱ ወደ እሷ ሄድኩ። ቁጢጥ ብላ በአንድ የጫማ ዱካ ውስጥ ጣቷን ነክራለች። ዱካው ውሃ ቋጥሯል። አጠገቡ ሌላ ዱካ፣ አጠገቡ ሌላ።

"እትዬ፣ አንድ ቅጠል እንኳን አልተሰበረም እኮ" አልኳት።

"ሂጂ" አለችኝ።

ቅጠሉ አልተሰበረም፤ እውነት ነው። ለዚያም ነው ማንም ምንም ያልመሰለው። ቀጥሎ አምስት ቀን ፀሐይ ወጣ። ስንረግጠው የዋልነው አፈር እንደ ተለቀለቀ ግድግዳ ለሰለሰና ደረቀ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ውሃው መግቢያ አጥቶ በየዱካው ተኛ፣ የገባውም መውጫ አጥቶ ከታች ቀረ። ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ቆመ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የመሃለኛው በርበሬ ቅጠሉ ጠወለገ። ሲመሽ ቀና አለ። በማግስቱም ጠወለገ፤ ሲመሽ ግማሹ ብቻ ቀና አለ። በሦስተኛው ቀን አበባው ረገፈ። የባሏ ወንድም በየጠዋቱ በአጥሩ ያልፋል፤ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላል፤ ይሄዳል። ያ ሰላምታ ከስድብ ይከፋ ነበር።

የመስቀል ዝግጅት ቡታጅራን ሲያደምቃት እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ሳምንት ከምናምን ቀርቷል። እናቴ "ምን ነክቶሽ ነው፣ ከሳሽ እኮ" ትለኛለች። ምን ልበላት? በእናቴ ምዬ ሰው ገደልኩ ልበላት?

አንድ ጠዋት ወደ ማሳው ስደርስ ጎረቤቶቿ በሁለት አህያ ጀሪካን ጭነው መጥተዋል። አዝነውላት ነው። ወንድ ሴቱ ተሰብስቦ በየበርበሬው ሥር ውሃ ሊያጠጣ ነው። እትዬ ራሷ፣ ያቺ አፈር ጨብጣ የምታውቅ ሴት፣ ጭንቀቷ አናቷ ላይ ወጥቶ ጀሪካን አንስታለች። ቅጠሉ ጠውልጓል፣ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ያየ ሁሉ ጠምቶታል ነው የሚለው።

"አታጠጡ!" ብዬ ጮህኩ።

አንድ ጎረምሳ ገበሬ "ምን?" አለኝ።

"ውሃ እንዳይነካው! ውሃ ነው የሚገድለው!"

"ኧረ በሕግ! ጠምቶት የሚሞተውን ውሃ ትከለክያለሽ? ያኔ በጫማሽ፣ አሁን ደግሞ በአፍሽ?" አለና ጀሪካኑን ይዞ አለፈኝ። ሮጬ ያዝኩት። ተጓተትን። ውሃው እላዬ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ "ምን ዓይነት ጉድ ናት!" ይላሉ። ጉልበቴ ሲያልቅብኝ ጀሪካኑን ትቼ ከመሃል አንድ የጠወለገ በርበሬ በዶማ ዙሪያውን ቆፍሬ አወጣሁ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ፤ የዚያን ዕለት ማንም ያልረገጠው ጥግ ነው፣ በርበሬው አሁንም ቆሟል። ልቤ እየደማ ከዚያም አንድ አወጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

የጥጉ ሥር ከክንድ ይረዝማል፤ ነጭ ነው፤ ጸጉሩ አፈሩን አቅፎ ይዟል። የመሃሉ ሥር አራት ጣት ያህል ወርዷል፤ እዚያ ወለል የነካ ይመስል ወደ ጎን ታጥፏል፤ ጫፉ ቡናማ ነው፤ ይሸታል። ከጉድጓዱ አፈር አውጥቼ ለጎረምሳው በእጁ ሰጠሁት። ላዩ ድንጋይ የሆነው መሬት ከታች አሁንም ጭቃ ነበር።

"ሥር ይተነፍሳል" አልኩት። "ረግጠን አፈንነው። ውሃው ከታች አለ፤ አየር ነው ያጣው። ጨምራችሁ ካጠጣችሁት ዛሬውኑ ያበቃለታል።"

አፈሩን ወደ አፍንጫው አቀረበና ፊቱን አዞረ። ጀሪካኑን ወደ አህያዋ መለሰ። እትዬ ግን አላየችኝም። ቁጢጥ ብላ የታጠፈውን ሥር በጣቷ ልታቃና ትሞክር ነበር።

ያን ዕለት ከማሳው ታች በኩል ውሃ ማውጫ ቦይ ቀደድን። መደቡን ለመክፈት ግን አፈሩ ልክ እስኪሆን መጠበቅ ነበረብን። ጭቃ ሆኖ ቢቆፈር መልሶ ይለጠፋል፤ ድርቅ ብሎ ቢቆፈር እየተሰነጠቀ የተረፈውን ሥር ይበጥሳል። አንድ ጠዋት ሄድን፤ እትዬ ከታች ያወጣችውን አፈር ጨበጠች፣ ድቡልቡል። በማግስቱ፣ ድቡልቡል። ቀኑ እየሄደ ነው፤ ኮሚቴው እየቀረበ ነው፤ በርበሬው በየቀኑ እየሞተ ነው፤ እኛ ቆመን እጅ እናያለን። "አሁን ብንጀምርስ?" እላለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች። በአራተኛው ጠዋት ጨብጣ እጇን ስትከፍት አፈሩ ፈረሰ። "ቢስሚላህ" አለች፤ በዶማና በመኮትኮቻ ገባን። ጎረቤቶቿም መጡ። መሬቱን ሳንገለብጥ፣ ከእያንዳንዱ በርበሬ ስንዝር ርቀን ያችን ወለል እየሰበርን አየር አስገባን። እጄ ቆሰለ፤ ስለ እጄ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከታች ያለው ሲሶ ማሳ ዳነ። የአጥሩ ጥግም አለ። መሃሉ ግን፣ እንግዶቹ ቆመው ያጨበጨቡበት ቦታ፣ እንጨት ሆኖ ቀረ።

ኮሚቴው የመጣው እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌው ሰብሳቢ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። አለቃዬም ባለሙያ ይገኝ ተብሎ አብሯቸው መጣ። የባሏ ወንድም በጨዋ አነጋገር ጀመረ። "እኔ ክፋት የለኝም። የወንድሜ ሚስት ናት፤ አከብራታለሁ። ግን እናንተው በዓይናችሁ እዩት።" አዩት። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ አለቃዬ ዞረው "ምን ነካው?" አሉት።

"በሽታ ነው" አለ፤ ቅንድቡ እንኳን አልተነቃነቀም። "የተሰጣትን ምክር በአግባቡ ባለመተግበሯ የመጣ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ውሸት ነው!" አልኩ። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም። "በሽታ አይደለም። እሷ አትግቡ ብላ ለምናናለች። ዝናብ ባደረበት መሬት ላይ መኪና ሙሉ ሰው አስገብተን ረግጠን የገደልነው እኛ ነን። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። መርቼ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ።"

አለቃዬ "አንቺ!" ብሎ በጥርሱ መሃል ተናገረ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ወደ መሃል ሄዱና ከዘራቸውን ዶማችን ካልደረሰበት መደብ ላይ ተከሉ፤ ሁለት ጣት ወርዶ ቆመ፤ በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ አልገባም። ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። እዚያ ሲጫኑት የክንድ ያህል ሰመጠ። ሦስተኛ ቦታ፣ እኛ ባልኮተኮትነው ላይ፣ ሞከሩ፤ እንደገና ቆመ። ነቅለው ጫፉን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከአራቱ ጋር ራቅ ብለው ተነጋገሩ፤ የባሏ ወንድም መሬቱን በእግሩ ይቆረቁራል። ተመለሱ።

"የረገጠው ሌላ ነው፤ እሷ አቁማለች። መሬቱ የእሷ ነው" አሉ።

የባሏ ወንድም ሰላም ሳይል ሄደ። አለቃዬ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ደርግሞ ዘጋው፤ በቀጣዩ ግምገማ ወደ ሩቅ ቀበሌ መዛወሬን ያኔ ነው ያወቅኩት። ግድ አልሰጠኝም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወደ እትዬ ሄድኩ። አልዋሽም፣ ምርቃት ጠብቄ ነበር። አቅፋኝ "ልጄ" እንድትለኝ ጠብቄ ነበር።

በቆመው በርበሬ መሃል ቀስ ብላ መጣችና ፊቴ ቆመች።

"አፍ አለሽ ለካ" አለችኝ። "ሲናገር ሰማሁት። የዚያን ዕለት የት ነበር?"

ለነገር አልነበረም፤ የምር ጠይቃኝ ነው። መልስ እንድሰጣት ቆማ ጠበቀች።